ላይኞቹ፣ ታችኞቹና አንዱ ሽንት ቤት

ጦርነቱ ድንበሩን በዘጋ ሰሞን የእትዬ ቁልፍ ምድር ቤት ባዶውን ቀረ። በቀኙ ክፍል ሟች ባላቸው ዕድሜውን ሙሉ ቁልፍ ሲቀርጽ ኖሯል፤ ሰፈሩ እሳቸውን በስማቸው መጥራት ትቶ «እትዬ ቁልፍ» ያላቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። የግራውን የያዘው ባርኔጣ ሻጭ ደግሞ ዕቃ የሚያመጣበት መንገድ ሲዘጋበት፣ «እትዬ፣ ሰው ጭንቅላቱ ይትረፍ አይትረፍ ሳያውቅ ባርኔጣ አይገዛም» ብሎ ተሰናብቷቸው ሄደ።

እሳቸው ፎቅ ላይ ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር ይኖራሉ። አማችዬው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጦርነቱ እንደተነሳ የገለልተኝነት ጉዳይ ክፍል የሚባል አዲስ ቢሮ ተከፍቶ፣ እሱም አዲስ ወንበር ተሰጥቶት ነበር።

«ገለልተኝነት ማለት ምንድን ነው እንግዲህ?» ብለው ጠየቁት አንድ ቀን እራት ላይ።

«ከሁለቱም ወገን አለመሆን ነዋ፣ እማማ።»

«እሱንማ እኔም ቤቴ ተቀምጬ እሠራዋለሁ። አንተ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ?»

«ሁለቱን እኩል ማየት።»

«ተጠንቀቅ፣ ዓይንህ እንዳይንሸዋረር» አሉትና ወጡን ጨመሩለት።

ተዋጊዎቹ ረጃጅም ስም የነበራቸው መንግሥታት ናቸው። እትዬ ቁልፍ ግን የአማቻቸውን ካርታ አንዴ አይተው፣ ከአገራቸው በላይ የተሳሉትን ላይኞቹ፣ በታች የተሳሉትን ታችኞቹ ብለው ገላገሏቸው። አገሪቱ በመሐላቸው እንደ ትራስ ተጋድማ፣ ሁለቱም ወደ ራሳቸው ጭንቅላት ሊስቧት ይጎትቷታል።

አንድ ጠዋት ከላይኞቹ ኤምባሲ አንድ ቀጭን ሰው መጣ። ከመቅጠኑ የተነሳ ኮቱ ገና ከመስቀያው ያልወረደ ይመስላል። የቀኙን ክፍል ለንባብ ቤት እንደሚፈልገው ግማሹን በአፉ፣ ግማሹን በእጁ አስረዳቸው። እትዬ ቁልፍ በልባቸው «ሽቦ» ብለው ሰየሙትና አከራዩት። በማግስቱ ደግሞ ከታችኞቹ ኤምባሲ አንድ አጭር ድቡልቡል ሰው እያለከለከ መጥቶ የግራውን ጠየቀ። እሱም «በርሜል» ሆነ።

«ልጄ፣ ኋላ እንዳትቀየመኝ» አሉት። «ጎረቤትህ የሚሆነው እኮ ጠላትህ ነው።»

የበርሜል ፊት በደስታ በራ። «እሱ ባይኖር» አለ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ «እኔ ምን ሥራ?»

ከዚያ በኋላ ፉክክሩ ተጀመረ። ሽቦ መስኮቱ ላይ የታንክ ፎቶ ሰቀለ። በርሜል የጦር መርከብ ሰቀለ። ሽቦ አንዱን ታንክ አውርዶ ብዙ ታንኮች የተሰለፉበትን ሲያመጣ፣ በርሜል መርከቡን መርከበኞቹ ሁሉ በሚስቁበት ሌላ ፎቶ ተካው። ሽቦ ማሞቂያ አስገብቶ ክፍሉን አሞቀ። በርሜል ሁለት ማሞቂያ አስገባ። ሽቦ ጋዜጣ ለሚያነብ ሁሉ ሻይ በነጻ ማቅረብ ጀመረ፤ በርሜል ሻዩን ከነብስኩቱ አቀረበ። ይኼኔ ነው የሰፈሩ ሰው በአንድ ጊዜ የንባብ ፍቅር ያደረበት።

ከሁሉም የበረታው አንባቢ የእትዬ ቁልፍ ታናሽ ወንድም፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ጽሑፍ ተሸክሞ ሲዞር አንዱንም ለማንበብ ያልጓጓ ሰው፣ አሁን በሩ ሳይከፈት ደርሶ ይጠብቃል። ጠዋት በቀኝ፣ ከሰዓት በግራ ይውላል። ማታ ማታ ፎቅ ሲወጣ እህቱ ወሬ ይጠይቁታል።

«ማን እያሸነፈ ነው፣ ወንድምዓለም?»

«ጠዋት ላይኞቹ አንድ ከተማ ያዙ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ታችኞቹ ያንኑ ከተማ መልሰው ያዙት።»

«እና ማን ይበልጣል?»

«ማሞቂያው የታችኞቹ ይሻላል። ሻዩ ግን የላይኞቹ ነው፤ ስኳር አይሰስቱም። ለመፍረድ ያስቸግራል።»

አማችዬው በበኩሉ አልፎ አልፎ ሜትር ይዞ ይወርድና የሁለቱን መስኮት ፎቶዎች ይለካል። የቀኙ መስኮት ከግራው በአንድ ስንዝር ሰፍቶ ያገኘው ዕለት እህል አልበላ አለው። አናጺ አስጠርቶ ትርፉን ስንዝር በጣውላ አስመታ።

«እንኳን ደረስክላት» አሉት እትዬ ቁልፍ። «ያቺ ስንዝር ሳናስበው ጦርነት ውስጥ ልትከተን ነበር።»

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሰላም ነበር፤ ችግሩ የመጣው በጓሮ በኩል ነው።

ፎቅ ላይ ያሉት የራሳቸው አላቸው። ለምድር ቤቱ ግን ጓሮ፣ ልብስ ማስጫው አጠገብ ያለው አንድ ሽንት ቤት ብቻ ነው። እትዬ ቁልፍ ሁለቱንም ክፍሎች ሲያከራዩ «ከነሽንት ቤቱ» ብለው ነበር፤ ዋሽተውም አይደለም። ያን ሁሉ ሻይ የጠጣ አንባቢ ተራውን ጠብቆ ይገባል፣ ይወጣል፤ ማን ከማን ቀደመ ብሎ የሚቆጥር የለም። ሹማምንቱ ግን እንደዚያ አልሆኑም። መጀመሪያ ሽቦ ደረጃውን ወጥቶ አቤት አለ፦ የመንግሥቱ ተወካይ ጠላት የተነሳበት ቦታ ገና ሳይቀዘቅዝ መቀመጥ አይችልም። እሱ ሲወርድ በርሜል ወጣ፦ የእሱ መንግሥት ደግሞ በማንም ደጃፍ ተራ ይዞ አይቆምም።

«መንግሥትህን ይዘኸው ነው እንዴ እዚያ የምትገባው?» አሉት እትዬ ቁልፍ።

በርሜል አልገባውም። ከሁለቱም ጋር ለመግባባት የሞከረው አማችዬው፣ ሁለት ሌሊት አስቦ ሰዓት ደለደለላቸው፦ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ሰዓት የላይኞቹ፣ ሙሉ ቁጥር ያለው የታችኞቹ። ሁለቱም ኤምባሲዎች ተስማሙ። አማችዬው በመሥሪያ ቤቱ ተመሰገነ።

ድልድሉ የፈረሰው በዓሣ ነው። አንድ ቀን በርሜል ኤምባሲው ምሳ ተጋብዞ፣ ሰንበት ያለ ዓሣ በልቶ ተመለሰ። ወንበሩ ላይ ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቀው፤ ተነሳና ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ ወደ ጓሮ ሮጠ። ሰዓቱ የላይኞቹ ነበር። ሽቦም ጋዜጣውን ይዞ ውስጥ ተቀምጧል።

እትዬ ቁልፍ አንሶላ እያሰጡ ነበር። ሰውየው እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ በሌላው ሲረግጥ አዩት። አንሶላውን ጣሉና በሩን ደበደቡት።

«አንተ ልጅ! ውጣ!»

«ሰዓቱ የእኛ ነው» አለ ሽቦ ከውስጥ።

«ጨርሰሃል አልጨረስክም?»

ጋዜጣው ሲታጠፍ ተሰማ። «ጨርሻለሁ። ግን ሰዓቱ የእኛ ነው።»

«ሰው ነህ ወይስ መንግሥት? ሰው ከሆንክ ውጣ! መንግሥትም ከሆንክ ሱሪህን ታጠቅና በመንግሥት ወግ ውጣ!»

በሩ ተከፈተ። ሽቦ ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ አንገቱን አቅንቶ ብቅ አለ። የበርሜልን ፊት ሲያይ ግን አንገቱ በራሱ ጊዜ ጎበጠ። ገለል አለለት፤ ገለል ማለትም ብቻ ሳይሆን በሩን ያዘለት።

በርሜል ቶሎ አልወጣም። ሽቦም ወደ ክፍሉ አልተመለሰም። ለካ ከጦርነቱ በፊት ፋርማሲስት ኖሯል። ሮጦ ሄዶ በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት ይዞ መጣ። በርሜል ግድግዳውን ተደግፎ ሲወጣ፣ የጠላቱን እጅና በእጁ ያለውን ዱቄት አየና ወደ መጣበት ሊመለስ ምንም አልቀረው።

እትዬ ቁልፍ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። «እየው፣ አልሞትኩም። በል ዋጥ!»

ዋጠ።

ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ቢያውቅም እንኳ አይናገረውም፤ ክልክል ነው። በጋራ ያላቸው የአገሩ ቋንቋ ብቻ ነው፣ እሱንም የለቀሙት ከእትዬ ቁልፍ አፍ፣ እሳቸው ከልጃቸው ጋር በደረጃው ሲነጋገሩ እየሰሙ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ዓለም ሁሉ «አንቺ» ነበር።

«እኔን ይድፋኝ» አለ ሽቦ፣ የተከረከመ ጢሙን እየዳሰሰ። «በጣም አመመሽ?»

«ተይኝ እህቴ» አለ በርሜል። «ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት።»

«ውይ በሞትኩት! ነይ እስቲ ቁጭ በይ።»

እትዬ ቁልፍ አንሶላው ውስጥ ገብተው አፋቸውን በጨርቁ አፈኑ። ላርማቸው ወይስ ልተዋቸው ብለው አሰቡና፣ ተያቸው ተያቸው አላቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት በሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር አግዳሚው ላይ አብረው መቀመጥ ለመዱ። ሽቦ ብርድ ሲሆን የሚጠዘጥዘውን ጉልበቱን ያሻል። በርሜል አገሩ ዋና አስተማሪ እንደነበረና ገና ጥርስ የምታወጣ ልጅ ጥሎ እንደመጣ ያወራል። እትዬ ቁልፍ ልብስ እያጠቡ ያዳምጧቸዋል። አንዳቸው ስለ ጦርነቱ አፉን ከከፈተ «እሱን መስኮታችሁ ላይ ተዉት» ይሉታል።

ከፊት በኩል ግን ፍልሚያው ከበፊቱ ብሶ ነበር።

«ነገ አዳዲስ አውሮፕላኖች ልሰቅል ነው» ይላል ሽቦ። «እንዳትቀየሚኝ።»

«ስቀይ እህቴ፣ ምን ቸገረሽ። እኔም የሚቃጠል ድልድይ መጥቶልኛል።»

«የእኛ ድልድይ?»

«የእናንተ።»

«ይሁን እንግዲህ። ምነው ግን፣ ቆንጆ ድልድይ ነበር።»

ከጓሮው አጥር ወዲያ አንድ ልብስ ሰፊ ይኖራል። እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን ወንፊት። አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ቀና ሲል በመስኮቱ ሁለቱን ባላንጣዎች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲያንሾካሹኩ አያቸው። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ደንበኛ «ሲነጋገሩ አየሁ» አለ። ደንበኛው ለሚስቱ «እየተደራደሩ ነው» አላት። ሚስቱ ገበያ ስትደርስ ሰላም ወርዶ ነበር። ስኳር ደብቆ የተቀመጠ ነጋዴ ሁሉ ሰላም ሳይቀድመው ልሽጥ ብሎ ኬሻውን አወጣ፤ ዋጋው በአንድ ቀን ቁልቁል ተንከባለለ። ጋዜጣው ደግሞ በትልቁ ጻፈ፦ «ታማኝ ምንጮች እንደገለጹልን፣ የሁለቱ ኃያላን ተወካዮች ከሕዝብ ዓይን በተሰወረ ጠባብ ስፍራ በተደጋጋሚ እየተገናኙ ነው።»

አማችዬው ያን ምሽት ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ሚኒስትሩ አስጠርተውት «በገዛ አገሬ ሰላም ሲወለድ እኔ ከጋዜጣ ልስማ?» ብለው ጮኸውበታል።

«እማማ፣ በሚወዱት ይሁንብዎ፣ እነዚህ ሰዎች የሚነጋገሩት ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ሆድ።»

«ሌላስ?»

«ስለ ጉልበት።»

አማችዬው ደጋግሞ ጠየቀ፤ ከሆድና ከጉልበት ሌላ ምንም አላገኘም። መዋሸት የማይችል ሰው ስለሆነ፣ በማግስቱ ለሚኒስትሩ የሰማውን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ አቀረበ። «ክቡር ሚኒስትር፣ ንግግሩ በውስጥ ጉዳይ ተጀምሮ አሁን ወደ ጉልበት ጥያቄ ተሸጋግሯል።»

ሚኒስትሩ ከወንበራቸው ተነሱ። «የጉልበት ጥያቄ ላይ ደርሰዋል? እንግዲያማ ሊጨርሱ ነው!» ብለው ፎቶ አንሺ ጠሩ።

ሚኒስትሩ ሊሄዱ መሆኑን የላይኞቹ አምባሳደር ሰሙ፤ የእሳቸውን መነሳት የታችኞቹ አምባሳደር ሰሙ። እኩለ ቀን ላይ መንገዱ በጥቋቁር መኪና ተዘጋ። ያ ሁሉ ባለሥልጣን፣ ጋዜጠኛውና የሰፈሩ አንባቢ ተጨምሮበት በእትዬ ቁልፍ ጓሮ ተጠቀጠቀ። ልብሱ ገና አልደረቀም ነበርና ክቡር ሚኒስትሩ በአማችዬው ካልሲ ሥር ጎንበስ ብለው ማለፍ ግድ ሆነባቸው። ሽቦና በርሜል ከአግዳሚው ተነስተው፣ ርችት ሲያፈነዱ እንደተያዙ ልጆች ጎን ለጎን ቆሙ።

«ክቡራን አምባሳደሮች!» አሉ ሚኒስትሩ። «አገራችን ይህን ታሪካዊ ንግግር በማስተናገዷ ኩራት ይሰማታል!»

ሁለቱ አምባሳደሮች የመጡት የየራሳቸውን ሰው በክህደት ይዘው ሊሄዱ ነበር። አሁን ግን ጋዜጠኛ እርሳሱን ስሎ ፊታቸው ቆሟል። ሰላም አንፈልግም ብሎ ቀድሞ የሚናገር ማን ይሁን?

«መንግሥቴ» አሉ የላይኞቹ አምባሳደር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ምንጊዜም ለሰላም ዝግጁ ነው። እምቢ ያሉት እነሱ ናቸው።»

«እንዲያውም ቀድመን ዝግጁ የነበርነው እኛ ነን!» አሉ የታችኞቹ።

«እኛ ከእናንተ በፊት!»

«ውሸት ነው! ሰላም ወዳድነትን ከእኛ ነው የተማራችሁት!»

ማን የበለጠ ሰላም እንደሚወድ ሲከራከሩ ጡጫ ሊሰነዛዘሩ ደረሱ። ሚኒስትሩ መሐል ገብተው የሁለቱንም እጅ ያዙና እንደ ቋጠሮ አገናኟቸው። ፎቶ አንሺው ብርሃን ያለው እዚያ ጋ ብቻ ነው ብሎ ወደ ሽንት ቤቱ በር አስጠጋቸውና አነሳቸው።

በርሜል ሲጨባበጡ ሲያይ እንባው መጣ። ሰው እየገፋ ወደ ሚኒስትሩ ሄደና ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ክቡር ሚኒስትር» አለ፣ ጓሮው ሁሉ እየሰማ። «የወለደችሽ ትባረክ። ምን የመሰልሽ ሴት ነሽ!»

ሚኒስትሩ ወደ አማችዬው ዞሩ። አማችዬው ወደ አንሶላው ዞረ። ጓሮው በሳቅ ፈነዳ፤ የሳቁ ድምፅ መንገድ ላይ ያሉት ጆሮ ሲደርስ፣ ሰላሙ ተፈረመ ማለት ነው ብለው እነሱም እልል አሉ።

ሚኒስትሩ ፊታቸውን እንደ ምንም ሰብስበው እትዬ ቁልፍን አስጠሩ። «እናቴ፣ የዚህ ታላቅ ቤት ባለቤት እርስዎ ነዎት። መንግሥት ምን ያድርግልዎ?»

«ከተቻለ እንግዶቹ ከበሩ ገለል ይበሉልኝ» አሉ እትዬ ቁልፍ። «ወንድሜ ተራ ይዞ ከቆመ ቆይቷል።»

ፎቶው ወጣ። ከተማው ለጥቂት ቀን በርካሽ ስኳር ሻይ ጠጣ፤ የማይተዋወቅ ሰው መንገድ ላይ ተሳሳመ። ከዚያ ከሁለቱም ዋና ከተማ የቁጣ ቴሌግራም ደረሰ። ሁለቱም መንግሥታት በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ዓይነት ቃል፣ ከጠላት ጋር ተነጋግረን አናውቅም አሉ። ጦርነቱ ከተጀመረ፣ ከሽንት ቤቱ ሰዓት ሌላ የተስማሙበት ነገር እሱ ብቻ ነው። ስኳሩም ወደ መደበቂያው ተመለሰ።

ሽቦና በርሜል ወዲያው ተጠሩ። ሻንጣቸውን ይዘው ሊሰናበቱ ፎቅ የወጡት አብረው ነው፤ ከዚህ በላይ የሚቆጣቸው አልነበረምና። እትዬ ቁልፍ ለሁለቱም የመንገድ ዳቦ ቋጥረው፣ በርሜልን «ያቺን ልጅ ጥርሷን ሳትጨርስ ድረስባት» አሉት።

«ጉልበትሽን ብርድ እንዳታስመቺው» አለ በርሜል፣ መኪናው በር ላይ።

«አንቺም ዓሣ ተጠንቀቂ» አለ ሽቦ። ሌላም ሊል ፈልጎ ነበር፤ ግን ከደረጃው የለቀመው ቃል እዚያ ላይ አለቀበት።

አንዱ መኪና ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄደ። እትዬ ቁልፍ የት እንደደረሱ እስከ መጨረሻው አልሰሙም። ያን ቀን ልብስ ሳያጥቡ ዋሉ።

ሚኒስቴሩ እንዲህ ያለ አደጋ እንዳይደገም ብዙ ተሰብስቦ መከረና፣ በመንግሥት ወጪ ጓሮው ውስጥ ሁለተኛ ሽንት ቤት አሠራ። አማችዬው የሁለቱን በሮች ስፋት ራሱ በሜትር ለካ። ጠላቶቹም ሁለት አዳዲስ ሰዎች ላኩ፤ ሁለቱም ወጣት፣ ሁለቱም ጸጉራቸውን በውኃ የለጠፉ። ቋንቋውን ከመጽሐፍ ስለተማሩ አይሳሳቱም። ለእትዬ ቁልፍ «እንደምን አደሩ» ይላሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን ምንም። በአንድ ጊዜ ከየበራቸው ሲወጡ ሁለቱም ዝናብ የሚጠብቁ ይመስል ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«ብስኩቱም ቅቤ የለውም» አለ ፖስተኛው። «ሻዩንም ቀይረውታል። እነዚህ ልጆች ጦርነቱን እውነት አድርገው ይዘውታል።»

እትዬ ቁልፍ ይህን እያዩ ክረምቱን ችለው አሳለፉ። አንድ ጠዋት ግን ማንም ሳይነሳ አንድ ባልዲና የቆየ ጨርቅ ይዘው ጓሮ ወረዱና፣ ሲመለሱ አዲሱ ሽንት ቤት ተደፍኗል አሉ። ልጃቸው ደንግጣ ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራችው።

«ዛሬውኑ ልሥራው፣ እትዬ?»

«ምን አስቸኮለህ? ሌላ ሥራህን ጨርስ። የሚቀጥለው ሳምንትም ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያም ቢሆን አልቀየምህም።»

«ሰዎቹ አይቸገሩም?»

«መቸገርማ ይቸገራሉ።»

ከዚያ የልብስ ማጠቢያ ሳፋቸውን አንስተው ወረዱ። የታችኞቹ ወጣት በተዘጋው በር ፊት ቆሞ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ይቀያይራል። ከውስጥ የጋዜጣ መገለጥ ይሰማል። እትዬ ቁልፍ አግዳሚውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉለት።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉት። «ሰው አለ።»